ሲቀመጥ

መዋዕለ ሕፃናቱ ተዘግቶ ዕቃው በጨረታ ሲሸጥ፣
ወንበሩን አንዱ ወሰደ፣ ጥቁር ሰሌዳውን ሌላ፤
ለኔ የደረሰኝ ጆንያ ነው፣ ሲነቀንቁት የሚንኳኳ፣
ግማሹ የጎደለ፣ የፕላስቲክ ጡብ የሞላ።

ቡናማው ይበዛል። ጥቁር አለ። ነጩ እፍኝ አይሞላም።
ቀይ አንዲት ብቻ፣ ጠፍጣፋ፣ ጥርስ ያረፈባት፣
የሆነ ልጅ አፉ ውስጥ ያሰነበታት።
እሷን ሳይ ነው ጭላዳ ልሥራ ያልኩት፤
ከደረቱ ተነሣሁ፣ የቀረውን ዙሪያዋን ካብኩት።
ሐውልት ግን አልፈለግሁም። ክንዱ የሚታጠፍ፣
አንገቱ የሚዞር፣
ባሰኘኝ ቀን የሚያጎነብስ፣ ባሰኘኝ ቀን የሚገተር።

አባቴ ሸዋንግዛው የመንዝ ግንበኛ ነው፤
አርባ ዓመት ድንጋይ ሲጠርብ፣ ማዕዘን ሲያቆም የኖረ፣
ቱምቢውን ምስማር ላይ ሰቅሎ፣
ጉልበቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ
መስኮቱ ስር የቀረ።
ጠረጴዛዬን አየና፣ "ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፤
ይሄ ካብ ነው" አለኝ፤ "ካብ ደግሞ በግ የዘለለው ለታ…"
አልጨረሰም። ጭላዳዬ ራሱ ጨረሰለት፤
ዳሌው ውልቅ አለና በአፍጢሙ ተደፋለት።

ችግሩ ጋማው ነው። ጋማ ያለ ብዙ ጡብ አይሆንም፤
ብዙ ጡብ ደግሞ ክብደት ነው፣ ትከሻ ላይ አይታመንም።
ኳሷ ጎድጓዳዋ ውስጥ ትሽከረከራለች፣
ስይዛት ትይዛለች፣ ስለቃት ትለቃለች።
አፈረስኩ። ሆዱን ቦርቡሬ አቀለልኩት፤
በአንድ ኳስ ፈንታ በሁለት ማጠፊያ አሰርኩት፤
ማጠፊያው ጥርስ ያለው፣ ቀጭ ቀጭ እያለ በደረጃ የሚቆም፣
እንዳሻው የሚንሸራተት አይደለም።

የአባቴ ሙያ ድንጋይ እንዳይነቃነቅ ማስማል ነበር፤
የኔ ደግሞ ሳይፈርስ እንዲነቃነቅ።
ሁለት ሙያ በአንድ አምፖል ስር፣
በታኅሣሥ ውርጭ፣ ተፋጦ ሲጠባበቅ።

ሰባት ሌሊት አቆምኩት፤ ሰባት ሌሊት ወደቀ።
በስምንተኛው አባቴ ሳቁን እንደምንም ደበቀ።
"አንተ ልጅ፣ ጓሣ ወጥተህ ታውቃለህ?"
"አዎ።"
"ቆሞ የሚውል ጭላዳ አይተህ ታውቃለህ?"

ዝም አልኩ።
ያኔ ታየኝ፤ ሣሩ መሐል ተዘፍዝፎ፣
በሁለት እጁ እየነጨ፣ ጉንጩን ሞልቶ፣
አጠገቡ ያለው ሲያልቅ እንኳ የማይነሣ፣
በመቀመጫው ፈቀቅ፣ ደግሞ ፈቀቅ እያለ
ሳይቆም ተራራ የሚያቋርጥ።

"ሸክሙን እግሩ ላይ ጫንክበት" አለኝ፤
"እሱ የሚጭነው መሠረቱ ላይ ነው።"
መሠረት ሲል ቂጡን ማለቱ ነው፤
ግንበኛ ቃል አያባክንም።

እንደገና ከስር ጀመርኩ። ሰፊ መቀመጫ፣ አራት በስድስት፤
ጉልበት ወደ ላይ፣ እግር አጭር፣ ተረከዝ ወደ ውስጥ።
ያን ሁሉ የዳሌ ብልሃት ተውኩትና
ማጠፊያዎቹን ለጣት አዋልኳቸው፤
አውራ ጣትና ሌባ ጣት፣
አንዲት የሣር ዘለላ ለይቶ የሚቆነጥር።
ጥርስ ያረፈባትን ቀይ ደረቱ ላይ መልሼ ገጠምኳት።
እጄን አነሣሁ። ተቀመጠ። አልወደቀም።
ራሱን ዘንበል ባደርገው ጋማው አልጎተተውም።

ቀኝ እጁ ግን እስከ ዛሬ ይላላል፣
ትንሽ ቆይቶ በራሱ ዝቅ ይላል።
የሚያጠብቀው ጡብ ጆንያው ውስጥ የለም፤
መሐል ሜዳ ገበያ ብዞርም ብዞርም።

ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላይ ሌላ ሆኖ አገኘዋለሁ፤
አንድ ቀን ጀርባውን እያከከ፣
አንድ ቀን ሰማይ ሰማይ እያየ፣ ዝናብ እንደሚጠረጥር።
ማን እንዳዞረው ቤታችን ውስጥ አይነገርም።
ሰኞ ዕለት ሁለት እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር፣
ወገቡ ጎበጥ ብሎ፣ ፊቱ ወደ መንገዱ፣
ቱምቢው ከምስማሩ ወርዶ
አጠገቡ፣ ክሩ እንደተዘረጋ።

"ትንሽ ወደ ግራ ያጋድላል" አለኝ አባቴ።
እጄን ስዘረጋ፣
"አትንካው።"